ለረጅም ሰው የተሸመነ ጋቢ

በሆስፒታሉ ግቢ «ትራፊኳ የት አለች?» ብላችሁ ብትጠይቁ የማያውቃት የለም። ባልዲ የያዘው ተማሪም፣ ሳህን የምታጥበው ሴትም፣ በሩ ላይ የተቀመጡት ዘበኛም በአገጫቸው ያሳዩአችኋል። ነጭ እጅጌ የላትም፤ ፊሽካም የላትም። አንድ እጇን ስትዘረጋ ግን ሰው ይቆማል፤ በሌላው ስትጠቅስ ይሄዳል። ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም። ስሙን ያወጡላት ከየአገሩ ለትምህርት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። እኔ እትዬ ነው የምላት።

ሥራችን ቀላል ነው። ከደጋ ታመው የሚወርዱ፣ ከተማ ውስጥ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች አሉ። ጠዋት አጥሚት እናደርስላቸዋለን። ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ ከተገኘ ሾርባ እንጨምራለን፤ ከላንቴ እርሻ ሙዝ ከመጣ ሙዝ። ልብሳቸውን እናጥባለን። ይኸው ነው።

ሰውን ማሠራት ግን ቀላል አይደለም። ደመወዝ የሌለውን ሰው ብትቆጡት ነገ ይቀራል። ብታሞግሱት ነገ ይኮራል። እትዬ ሁለቱንም አታደርግም።

አንድ ወንድም መጣና «እኔ የጸሎት ጸጋ አለኝ፤ ለበሽተኞች እጸልያለሁ» አላት።

«ተባረክ» አለችና የሽንት ዕቃ አስያዘችው። «ይህን ይዘህ ግባ። በሽተኛው ካንተ ጋር ይለመዳል፤ ያኔ ትጸልይለታለህ።»

ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ገባ። ዛሬ ከእሱ የተሻለ አስታማሚ የለንም። ጸሎቱም አጥሯል።

በአጥር ምክንያት የተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞችም ነበሩ። ለየብቻ ሊያገለግሉ መጡ። ትልቁ ድስታችን ሁለት ጆሮ አለው፤ አንዱን ለአንዷ፣ ሌላውን ለሌላዋ ሰጠች።

«ሌላ ሰው የለም እትዬ?» አለች አንዷ።

«ሞልቷል። እኩል ቁመት ያላችሁ ግን እናንተ ናችሁ። አጥሚቱ ወደ አንድ ወገን እንዲደፋ ትፈልጊያለሽ?»

ሳይነጋገሩ ሊሸከሙት ሞከሩ። የፈላ ድስት ተሸክሞ መኮራረፍ ግን ያስቸግራል። «ቀስ» ማለት አለ። «ደረጃ አለ» ማለት አለ። በ«ቀስ» ጀምረው ታረቁ። አጥሩ እስከ ዛሬ ጠማማ እንደሆነ ነው።

እኔንም እንዲሁ ነው የያዘችኝ። ልጄ ሆስፒታሉ ውስጥ ተኝታ በነበረ ጊዜ ከመንደሬ ከኦቾሎ የወረድኩት በለበስኩት ልብስ ነበር። አልጋው ሥር ተቀምጬ እግሯን ይዤ አለቅሳለሁ፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። እትዬ አጥሚት ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። በማግስቱም ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። ከዚያ ጭልፋውን አስጨበጠችኝ።

«የኦቾሎዋ፣ አንቺ ጤነኛ ነሽ። ተነሺና ቅጂ።»

ተናደድኩ። ቀዳሁ። ስቀዳ እንባዬ ቆመ።

ጌታ ልጄን ማራት፤ ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች። ጭልፋው ግን እጄ ላይ ቀረ። ያኔ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ሴት በሰው ፊት አመሰግናታለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ቃሉን ስገባ ግን አላውቃትም ነበር።

እትዬ አትመሰገንም። ቀድሞ በሌላ ሰፈር የሕፃናት ምገባ ታስተባብር ነበር። አንድ እሑድ መድረክ ላይ አውጥተው አጨበጨቡላት። ሰኞ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስረክባ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ለምን ብዬ ጠየቅኋት።

«ዋጋዬን እዚህ በጭብጨባ ከጨረስኩት እዚያ ጌታ ፊት ባዶ እጄን ልቆም ነው?» አለችኝ። «እናንተም ከሞከራችሁ በማግስቱ ሌላ ትራፊክ ፈልጉ።»

ለካ ስሙንም ታውቀዋለች።

ከዚያ በከተማው ያሉ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ስብሰባ ጠሩ። እትዬ ስብሰባ አትወድም። «ወንበር ላይ ተቀምጠው ያበሰሉት ነገር አላየሁም» ብላ እኔን ላከችኝ። እዚያ እያንዳንዱ ቡድን ምርጥ አስተባባሪውን በራሱ ግቢ እንዲያመሰግን ተስማማን። እጄን ከሁሉ በፊት ያወጣሁት እኔ ነኝ። የደነገጥኩት መንገድ ላይ ነው።

ካላመሰገንኳት ለጌታ የገባሁት ቃል ይቀራል። ካመሰገንኳት ትሄዳለች፤ እሷ ከሄደች ጠዋት ጠዋት ኩባያ ይዘው የሚጠብቁን ሰዎች ምን ይሆናሉ? ደግሞስ ከእሷ ተደብቆ ምን ይደገሳል? በዚያ ግቢ እሷ ሳታውቅ አንድ ወንበር ከቦታው አይነሳም።

ጸለይኩ። መልሱ ከላይ ይምጣ ከራሴ ተንኮል፣ እስካሁን አልለየሁትም። መልሱ ግን እንዲህ የሚል ነበር፤ ድግሱን ራሷ ታሰናዳው።

«እትዬ» አልኳት፣ «ስብሰባው ብዙ የደከመልን ሰው ይመስገን ብሏል።»

«ማን?»

ዝም አልኩ። ዝምታ ልማዴ ስለሆነ አልጠረጠረችም። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። ሽማግሌው ዘበኛ ፍየላቸውን አጥሩ ሥር አስረው ያንጎላጃሉ።

«ልክ ነው» አለች። «በዝናብ በፀሐይ በሩን የከፈቱልን እሳቸው ናቸው። ግን ዓይነ አፋር ናቸው፤ ይሸሻሉ። ለእኔ ተዪው።»

ተውኩላት። ዝም ማለት ኃጢአት ከሆነ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ለዘበኛው ነገሩን ሹክ አልኳቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ።

«እንግዲህ እኔ የመንጠቆው ትል ነኝ ማለት ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ዓሣዋ ተናካሽ ናት» አሉና ሳቁ።

ወንድሜ ኦቾሎ ላይ ሸማኔ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የዱንጉዛ ጥለት ያለው ጋቢ እንዲሠራልኝ ላክሁበት። ልኩንም ነገርኩት፤ ለአጭር ሴት ነው አልኩት። ጋቢው ሲደርስ እትዬ ቀድማኝ ዘረጋችው።

«ይህ ምንድን ነው? ለሕፃን ማዘያ ነው? ሰውየው እኮ የስልክ እንጨት ናቸው! ጉልበታቸውን እንኳ አይሸፍንም። መልሺው።»

ምን ልበል? መለስኩት። ወንድሜ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ሴትዮዋ እያደገች ነው እንዴ?»

«ዝም ብለህ ጨምርበት።»

«ስንት ልጨምር?»

«ለቀጭኔ እንደምትሠራ አድርገህ ሥራው» አልኩት። ሌላውንም ነገር እትዬ አንድ በአንድ ደለደለችው። ዓሣው እሾህ አይኑርበት፤ አባባ ጥርስ የላቸውም። ንግግር አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱንም የኦቾሎዋ ታድርግ፤ ቃል ትቆጥባለች። ሁለት ተማሪዎች በሩ ላይ ይቁሙ፤ አባባ አፍረው ሊወጡ ሲሉ በትሕትና ይመልሷቸው።

እኔም ልቤ ክፉ አሰበና «በሩን ትተው በልብስ ማጠቢያው በኩል ቢሄዱስ?» አልኳት።

አሰበች። ፊቷ በራ።

«ሣር» አለች።

በእኛ በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ የተንበረከከን ሰው አልፈኸው አትሄድም። የተቆጣ በዚያ ይበርዳል፤ ለጠብ የወጣ ከመንገድ ይመለሳል። የሽማግሌዎች ሥራ ነው፤ የሚያዘውም ለትልቅ ነገር ነው። ለጋቢ ሲያዝ ሰምቼ አላውቅም።

«ሽማግሌዎቹ አይቆጡም?»

«ከምስጋና መሸሽም ጠብ ነው» አለች፣ ራሷ፣ በአፏ። «ድስት ተሸካሚዎቹ ይያዙት። እነሱ መታረቅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።»

እኔም አሜን አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ሞላ። ወንድሜም ጋቢውን በትከሻው አድርጎ ከኦቾሎ ወረደ። ዘበኛው የተዋሱትን ኮት ለብሰው ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ከኋላ ድስቱ ዘንድ ቆማ በእጇ ሰው ታስቀምጣለች፣ ሰው ታስነሳለች። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመች። ተናገሪ ማለቷ ነው።

ተነሣሁ።

«እትዬ፣ ነይ» አልኩ።

ንግግሬ ይኸው ነበር።

ጭልፋ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዘበኛውን አየቻቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ተነሡና የወንበሩን መቀመጫ በባርኔጣቸው ጠረጉ።

«ነይ ልጄ፤ እንዳይቀዘቅዝ ጠብቄልሻለሁ።»

ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳቀ። እትዬ ጭልፋውን ጣል አድርጋ ወደ በሩ ገሰገሰች። ሁለቱ ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙባት።

«ዞር በሉ!»

«በትሕትና መልሱ ተብለናል» አለ አንዱ።

«ማን አለ?»

«አንቺ።»

ዞራ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች። እዚያ ድስት ተሸካሚዎቹ ጎን ለጎን ተንበርክከዋል፤ ከያዙት ሣር ውኃ ይንጠባጠባል።

«ተነሡ! ለዘበኛው ነው ያልኳችሁ!»

«ሣሩ ማን መሆንሽን አይጠይቅም» አለች አንዷ።

«ቀስ እትዬ» አለች ሌላዋ፤ «ደረጃ አለ።»

እትዬ አንድ እግሯን አነሣች። የጋሞ ልጅ ናት፤ እግሯን መልሳ አኖረችው።

አጠገቧ ሄድኩ። ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም።

«እትዬ፣ ዋጋሽን እዚያ ተቀበዪ፤ ማንም አይነካብሽም። ይህ ያንቺ ዋጋ አይደለም፤ የእኔ ዕዳ ነው። ልጄ እዚያ ውስጥ ተኝታ ለጌታ የገባሁት ቃል ነው። እኔ ቃሌን እንዳልፈጽም መከልከል ያንቺ ሥራ ነው?»

ራሷን ዝቅ አደረገች።

ወንድሜ ጋቢውን አለበሳት። መጀመሪያ እጇ ጠፋ፤ ከዚያ እግሯ። ከኋላዋ የተረፈው መሬት ላይ ተኛ፤ ከፊቷም ከአፍንጫዋ በላይ ያለው ብቻ ታየ።

«ልኩን ራስሽ ነሽ ያዘዝሽው» አላት ወንድሜ።

ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሣ ከጋቢው ውስጥ አንዲት መዳፍ ብቅ ብላ ተዘረጋች። የሁሉም እጅ አየር ላይ ቆሞ ቀረ። ትራፊክ ማለት ይህ ነው።

ዓሣውን በላን። ልትሄድ ስትል ግን ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«አንቺ ቃልሽን ጠበቅሽ» አለች። «እኔም ቃል ነበረኝ።»



በማግስቱ ማለዳ ስደርስ ድስቱ ዘንድ ማንም የለም። ዞር ስል እትዬ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጋቢውን ደርባ ደራርባ አጥፋ ለብሳዋለች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች፤ እንደ እንግዳ።

«እንደምን አደርሽ፣ አስተባባሪ» አለችኝ።

«ማን? እኔ?»

«እኔ ለቅቄያለሁ። ቃሌ ቃል ነው። አልመጣም ግን አላልኩም። ምን ልሥራ?»

«አማስዪ» አልኳት፣ ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ።

ተነሥታ ታማስል ጀመር። ወዲያው ተማሪዎቹ ውኃ ይዘው መጡ፤ የት እናውርደው አሉ። የጸሎቱ ወንድም ወደ የትኛው ክፍል ልግባ አለ። ሙዝ የጫነ ፒክአፕ ከላንቴ መጥቶ በሩን ዘጋው፤ ከኋላው በሽተኛ የያዘ ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል። ድስት ተሸካሚዎቹ ድስቱን ከምድጃው ሊያነሡ ቢመጡ እትዬ አላቆመችም።

«እትዬ፣ በስሏል እኮ!»

«አማስዪ ተባልኩ እንጂ አቁሚ አልተባልኩም። አስተባባሪዋን ጠይቁ።»

እንደ እሷ እጄን ዘረጋሁ። አንዱ ተማሪ ሹራቡን ሰቀለበት።

ሰው ማሠራት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ትናንት ያመሰገንኳት ሳላውቅ ነው፤ ዛሬ ቢሆን ንግግሬ ይረዝም ነበር። ወደ ልብስ ማጠቢያው ሮጥኩ። ትናንት የወደቀውን ሣር ከመሬት ለቅሜ መጣሁና ፊቷ ተንበረከክሁ።

ማማሰሏን ሳታቋርጥ ቁልቁል አየችኝ።

«ይህ ደርቋል» አለች። «በድርቆሽ ዕርቅ የለም። እርጥብ አምጪ።»

ተነሣሁና ወደ ቧንቧው ሥር ሮጥኩ። ባጃጁ ይጮሃል፣ እኔ ሣር እነጫለሁ። «ጌታ ሆይ፣ እሷን ብቻ መልስልኝ» እላለሁ። በድንገት ጥሩምባው ጸጥ አለ።

ስመለስ እትዬ ጋቢውን ወገቧ ላይ አስራ ድንጋይ ላይ ቆማለች። አንድ እጇ ተዘርግቷል። ፒክአፑ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ በሽተኛው ገብቷል፤ ውኃው በቦታው ወርዷል። ተማሪውም ሹራቡን ለብሷል። ጌታ ይመስገን አልኩ።

ሣሩን ይዤ ጉልበቴን ላጥፍ ስል፣ ዞራ እንኳ ሳታየኝ ተናገረች።

«የኦቾሎዋ፣ ለመንበርከክ ሰዓት የለንም። ተነሺና ቅጂ።»

ሣሩን ለዘበኛው ፍየል ሰጠሁት። ቀዳሁ።