የእንግሊዝኛ ግስ በቅኔ ቤት

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት ብቻ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ጡረታ ከወጡት አስተማሪዎች መካከል የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከእኔ አፍ የሰሙ ብዙ ናቸው። ፈረንጅ ሐኪሞች እንኳ የጻፉትን አሳይተውኝ ያቃናሁላቸው ጊዜ አለ። ግን ይህን ቋንቋ ሳገኝ ያጣሁት ነገር አለ። አሁን የምጽፈው ስለዚያ ነው፤ ስጽፈውም ደስ እያለኝ አይደለም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ከከተማው ዳር ባለ ደብር የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ወገራ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ደብር መሪጌታ ሆኖ ኖሮ እዚያው ሞቷል። እናቴ የምትበላበት መሬት የሰሞን መሬት ነው፤ በደብሩ ለሚያገለግል ካህን የሚሰጥ፣ አገልግሎቱ ሲቋረጥ የሚወሰድ። ካህናቱ አዘኑላትና፣ ልጇ ቅኔውን ጨርሶ፣ በመምህሩ ተመርቆ እስኪመጣ መሬቱን አንነካም አሉ። አንድ ደብተራ የአባቴን ተራ እየቆመ ጠበቀልኝ። እናቴ ከዚያ መሬት ገብስ በቀር ሌላ ምንም አልነበራትም። እኔ ሳልመረቅ ብቀር መሬቱ ለዚያ ደብተራ ያልፋል።

መመረቄ ግን አያጠራጥርም ነበር። ሌላው ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ለማቃናት ሲያምጥ እኔ ስምንት ቤት መወድስ ዘርፌ ጥላ ስር ቁጭ እላለሁ። ይህን የኔታም ያውቁት ነበር።

ጊዜ ስለተረፈኝ ነው አዲስ ዓለም፣ ሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር መመላለስ የጀመርኩት። እዚያ አቡጀዲና ቅመም የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ለከተማው ሹም ማመልከቻ ሲፈልጉ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከእንግሊዞች ጋር ሲነግዱ ብዙ ዓመት ስለኖሩ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። አንድ ቀን ቅርንፉድ የሚጠቀልሉበትን መጽሐፍ አየሁ። ለሱዳን ተማሪዎች የታተመ ነው፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ ዐረብኛ። ፊደሉን ከጣሊያን ዘመን የሱቅ ጽሑፎች ለቅሜው ስለነበር ሳላስፈቅድ ማንበብ ጀመርኩ። ሐጂ ሳቁብኝ።

“አንተ ደብተራ፣ ለእንግሊዝ ንጉሥ ልትቀኝለት ነው? ውሰደው፤ ለእኔ መጠቅለያ ነው።”

የመጀመሪያዎቹ ገጾች በቅርንፉድ ሄደዋል። ከግሱ ነበር የሚጀምረው።

ሐጂ ዐረብኛውን እያዩ የቃሉን ፍቺ ይነግሩኛል። ሥርዓቱን ግን አያውቁም ነበር፤ ቃላቱን ገበያ ላይ እንደሰሙት ይደረድሯቸዋል። ሥርዓቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። እኛ “ነጋዴው ጨው ጫነ” እንላለን። እንግሊዝ “ነጋዴው ጫነ ጨው” ይላል። የሐጂ አህዮች ሲጫኑ ቆሜ እያየሁ ነው የተገለጠልኝ። የእኛ አማርኛ ዕቃውን ሁሉ ይከምርና በመጨረሻ ይጠፍራል፤ ሰሚው ማሰሪያው ግስ እስኪመጣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እንግሊዝ ባለቤቱን እንዳቆመ ወዲያው ይጠፍራል፤ የቀረውን በላዩ ያንጠለጥላል። ግዕዝስ? ግዕዝ ተሳቢውን በመጨረሻ ፊደሉ ስለሚያሳውቅህ ቃሉን ወደፈለግህበት ብታዞረው አይቸግርም። እንግሊዝኛ ውስጥ ተሳቢው ምልክት የለውም። ምልክቱ ቦታው ነው። ሰውና ውሻ ቦታ ቢለዋወጡ ነካሹ ይለወጣል። ይህን ኋላ ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ለማስረዳት ሲቸገር ሰምቼ በልቤ ስቄአለሁ።

ቋንቋ የሚጠናበትን መንገድ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ግስ ማውረድ። ከደብሩ ጥዶች ስር ፊቴን ወደ ቅጥሩ ግንብ አዙሬ፣ እየተንጎራደድኩ፣ በግዕዝ ግስ ዜማ አወርደዋለሁ። አይ ኢት፣ ዩ ኢት፣ ሂ ኢትስ፤ እበላለሁ፣ ትበላለህ፣ ይበላል ማለት ነው። ወረቀት ውድ ስለነበር ከብራና ፋቂዎች የተረፈ ጠባብ ቁራጭ ለምኜ፣ የእንግሊዙን ቃል በእኛ ፊደል ጻፍኩበት። ለሩቅ አንድ ሰው ሲሆን በግሱ መጨረሻ የምትጨመረውን ድምፅ እንዳልረሳት በቀይ ቀለም አደረግኋት። ብራናውን ጠቅልዬ በአንገቴ ባለው ከረጢት እይዘው ነበር። እንግዲህ የአገሬን ሰው የሚያውቅ ይፍረደኝ። ጠባብ ብራና፣ ቀይና ጥቁር ቀለም፣ የማይታወቅ ስም፣ ብቻውን የሚያነበንብ ደብተራ።

በመኸሩ ማግስት፣ ከእኔ አጠገብ ባለው ጎጆ የሚኖር ተማሪ ሳንጃ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ተመለሰና ታመመ። የቆላ ንዳድ፣ ወባ ነበር፤ ዛሬ ማንም ያውቀዋል። ከእኔ ጋር አንዋደድም። ቅኔውን በጉባኤ ፊት አርሜበት ነበር፤ ስሕተት ስለነበረው ነው ያረምኩት። ትኩሳቱ ሲጠናበት እኔ ከግንቡ ስር ቆሜ የአጋንንት ስም እየጠራሁ በጋኔን እንደማስይዘው መናገር ጀመረ። ሌሎቹ ከረጢቴን ፈትሸው ብራናውን አገኙ። ከዚያ ወዲያ በእኔ እጅ የተነካ ቁራሽ የሚበላ ጠፋ። አብሮኝ የሚለምን፣ አብሮኝ ውሃ የሚቀዳ አልነበረም። ወሬው በገበያተኛ ወገራ ደረሰ፤ የመሪጌታው ልጅ አስማት ይደግማል ተባለ። አስማት የደገመ ሰው ደግሞ መቅደስ አጠገብ አይቆምም።

የኔታ በጉባኤው ፊት አስጠሩኝ። ብራናውን በእጃቸው ይዘዋል።

“ይህ ምንድን ነው?”

“የእንግሊዝ ግስ ነው፣ የኔታ።”

“ግስ ከሆነ አውርደው።”

አወረድኩት። ከኋላ አንዱ፣ ሂ የሚባለው ማነው ብሎ ጠየቀ። እሱ ማለት ነው አልኩ።

“የቱ እሱ?”

“ማንም እሱ።”

“ስሙን መጥራት ፈርቶ ነዋ እሱ እሱ የሚለው” አለ፤ ተማሪው ሁሉ ሳቀ። 

የኔታ ሳቁን ዝም አሰኙና፣ ማሰሪያ አንቀጹ የት እንደሚውል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ተሳቢው በምን ይለያል አሉ። በቦታው አልኩ። ብራናውን አገላበጡ። ከዚያ ተማሪውን ሁሉ አስወጡ።

“ሰዋስው ነው፤ አስማት አይደለም” አሉኝ። “እኔ አምኜሃለሁ። እነሱ አያምኑህም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ጠበል ተረጭ፤ ይህን ብራና በፊታቸው አቃጥል። እኔም እመርቅሃለሁ፣ ወደ አባትህ ደብር ትሄዳለህ።”

“ምን ሠርቼ ነው የምረጨው፣ የኔታ?”

“ምንም አልሠራህም። ለእናትህ ብለህ ተረጭ።”

በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍሬ ወገራ ወጣሁ። እናቴ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ጎረቤቶቿ እሳት አናስጭርሽም ብለዋታል፤ የእኔ እናት ከቤቷ እሳት ሲጠፋ የምትሄድበት አጥታ ነበር። ስለ እንግሊዝ፣ ስለ ግሱ፣ ስለ ነጋዴውና ስለ ጨው ላስረዳት ሞከርኩ። ገብሱን እያበጠረች ሰማችኝ።

“ጠበል ማንን ገደለ?” አለች። “ተረጭና ና።”

“ከተረጨሁ አስማተኛ ነበርኩ ማለት ነው፣ እማ።”

“ካልተረጨህስ ምን ሊሉህ ነው?”

እሑድ ሳይደርስ ወደ ጎንደር ተመለስኩ።  

እሑድ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምኩ። ቄሱ ጠበሉን አንስቶ ወደ እኔ ሲመጣ፣ የታመመው ልጅ በቃሬዛ ተይዞ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ሲያየኝ፣ ምእመናኑ መንገድ ሲከፍቱ አየሁ። ለአንድ ጊዜ አንገት ደፍቶ ውሃ መቀበል ነበር፤ ያውም ለእኔ የተዘረጋ እጅ እንጂ ሌላ አይደለም። ነገር ግን ያንን ግስ ከማንም ሳልለምን፣ ከቅርንፉድ መጠቅለያ ላይ፣ በራሴ ጭንቅላት ያወጣሁት ነው። ከተረጨሁ ጋኔን አስተማረው ሊባል ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ በተከፈተው መንገድ ወጣሁ። የኔታ አልጠሩኝም።

ልጁ እኔ ከወጣሁ በኋላ በሳምንቱ ትኩሳቱ ለቀቀው። ይኸው፣ እሱ ሲሄድ ልጁ ዳነ ተባለ። ከዚያ በላይ ምስክር የፈለገ አልነበረም።

መሬቱ የአባቴን ተራ ሲቆምልኝ ለነበረው ደብተራ ሆነ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥርዓቱ ነው። እናቴን ጎንደር አምጥቼ በተከራየሁት ክፍል አስቀመጥኳት። መጀመሪያ የአዲስ ዓለም ነጋዴዎችን ልጆች አስተማርኩ፤ በኋላ ፈረንጅ ሐኪሞች ሲመጡ አስተርጓሚ ሆንኩ። ያኔ ከተማው ውስጥ እንደ እኔ ያለ አስተርጓሚ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ የመጣውን እንኳ የሐኪሙን ቃል ሲያዛባ ያረምኩት እኔ ነኝ። ለእናቴ ጫማና አዲስ ጋቢ ገዛሁላት። ጤፍ ከቤታችን አልጠፋም።

እሷ ግን በየዓመቱ ገብስ በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ምንም ሳትነግረኝ፣ ማለዳ በአውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ትሄዳለች። ስትመለስ በስልቻ ገብስ ይዛ ነው። መጀመሪያ ከገበያ የገዛችው መስሎኝ፣ እዚሁ ከተማ እንደሚሸጥ ነገርኳት።

“አልገዛሁትም” አለች። “ደብተራው የመሪጌታው ሚስት ናት ብሎ ሰጠኝ። ሸጋ ሰው ነው።”

በገዛ መሬቷ በር ቆማ እንደ የኔ ቢጤ እንደተሰጣት ሲገባኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። የእኔ ደመወዝ ምን ጎደለበት አልኩ፤ ስሜን እንኳ አታስቢም አልኩ። ስልቻውን ፈታች። ገብሱን በሰፌድ አፍስሳ ድንጋዩን መልቀም ያዘች።

“ከአባትህ እርሻ ነው” አለች።

ቆልታ አቀረበችልኝ። እንዳልራበኝ ነገርኳት። እሷ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ እየዘገነች በላች፤ እኔ መጽሐፌን ገለጥኩ። በቀጣዩም ዓመት ሄደች፤ እስክትሞት አልተወችም። እኔም ከዚያ ገብስ አንዲት ፍሬ ሳልቀምስ ቀረሁ።