እፍኝ የማትሞላ ጭማሪ

ባሌ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር። የልጄ ባል ከፊቱ በርጩማ ላይ ነበር፤ ቡሬ ከተማ የመንግሥት ሥራ ይሠራል፣ እሁድ እሁድ ሊጠይቀን ይመጣል። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር፣ ከባሌ ኋላ ቆሞ ካርታውን ያያል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በቅሎዬ ከኋላዬ ግቢው ውስጥ ታስራ ቆማለች።

ባጃጅ ፍኖተ ሰላም መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው። ፖከር የሚባለውን ጨዋታ ያመጣብን ይኸው አማች ነበር። ሁለት ካርታ በእጅ ይያዛል፤ አምስት ደግሞ ለሁሉም ጠረጴዛው ላይ በየተራ ይገለጣል። በመሐሉ ይወራረዳሉ። በእኛ ቤት ውርርዱ በበቆሎ ፍሬ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ከቅዳሴ መልስ በቆሎ ሲገፋፉ ይውላሉ። የተማሩ ናቸው።

አምስተኛዋ ካርታ ተገለጠች፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለተኛው ንጉሥ መጣ። ባሌ አንድ ጭብጥ በቆሎ ገፋ አደረገ። አማቹ ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ ላይ ጥቂት ፍሬ ጨመረ፤ ዶሮ እንኳ ዞር ብላ የማታየው።

«ይኼን ታዘብልኝ» አለ ባሌ ለመምህሩ።

«ፍርሃት ነው ጌታው!» አለ መምህሩ። «ያለው ሰው ያፈሳል እንጂ ይቆነጥራል?»

«ፍርሃትስ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። በአማቱ ላይ እንዴት ብሎ ይጨምር? የጨዋ ልጅ ነው።»

ሁለቱ ሊቃውንት የተለያዩት በዚህ ብቻ ነው። እጁ ባዶ እንደሆነ ግን ተስማምተዋል።

ይህን የጨዋ ልጅ ጅጋ ገበያ በሬ ሲሸጥ አይቼዋለሁ። ትርፉን ካገኘ በኋላ፣ ገዢው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ጠብቆ፣ «ለገመዱ ብቻ ትንሽ ጨምርልኝ» ይላል። ብዙ ቢጠይቅ ሰውየው ጥሎት ይሄዳል፤ ትንሽ ስለሆነች ግን አፍሮ ይከፍላል። የሚጮኸው፣ የሚምለው፣ ዋጋ የሚሰቅለው በሬው አንካሳ የሆነ ቀን ነው።

«በቅሎዋ ትጨመር» አለ ባሌ።

በቅሎዋ አባቴ ያወረሰኝ ናት። ባሌ አንድ ቀን ገለባ ሰጥቷት አያውቅም።

«አባባ፣ ይቅርብዎ» አለ አማቹ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«አየኸው? ተጨነቀ!» አለ መምህሩ።

«እርስዎ ካሉ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፤ እሺ።»

ባሌ በእጁ የያዛቸውን፣ ጃክ የሚሏቸውን ሁለት ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ካለው ጃክ ጎን ዘረጋ። ሦስት ጃክና ሁለት ንጉሥ ሆነለት። መምህሩ አጨበጨበ። አማቹ ከሁለቱ ንጉሦች አጠገብ ሌሎች ሁለት ንጉሦች አስቀመጠ፤ በቀስታ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ። አራት ንጉሥ የባሌን ይበልጣል።

መምህሩ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። «እንዲህ ያለው እኮ አይገጥምም» አለ፤ «በሒሳብ ቢታይ…»

«ተወኝ በሒሳብህ!»

ባሌ ወደ እኔ አላየም። «ቃል ቃል ነው። ውሰዳት» አለ። ቃሉን ለማክበር የእኔ በቅሎ አስፈልጋው ነበር።

«ኧረ ምን አጣደፈኝ አባባ» አለ አማቹ። «ለጊዜው እዚሁ ትዋል። ልጓሟን ብቻ ይስጡኝ።»

ልጓሙ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አወረድሁት። ወጥቼ በቅሎዬን ለጎምኋት፣ ኮርቻዋን ጫንሁና የጅጋን መንገድ ያዝሁ።