ገላፊ ላይ የቆመው መኪና

ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት በጎልማሳነቴ ነው፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ኮምፒውተር አይገባውም የሚሉትን ለማናደድ ያህል። ሰመራ ያለ አንድ የከባድ መኪና ባለንብረቶች ማኅበር ሥራ ሰጠኝ። ሾፌሮች ከመንገድ የሚልኩትን አጭር መልእክት አንብቦ መኪናቸው የት እንደደረሰ ለስምሪት ክፍል የሚናገር ፕሮግራም ነበር የፈለጉት።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ፓርሰር ጀነሬተር የሚባል መሣሪያ አለ። መልእክቱ የሚጻፍበትን ሕግ ትሰጡታላችሁ፣ አንባቢውን እሱ ይሠራላችኋል። የኔ ሕግ አጭር ነበር፦ መጀመሪያ የሾፌሩ ቦታ፣ ከዚያ የፈለገውን ይበል። መሣሪያው ግን አስጠነቀቀኝ፤ የቦታ ስም ከአንድ በላይ ሲመጣ ሁለት መንገድ ይታየኛል፣ የመጀመሪያውን ይዣለሁ አለ። ማስጠንቀቂያው እንዳይታይ አደረግኩና ሥራው አልቋል ብዬ አስረከብኩ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ አፋር ሾፌር ቢሮዬ ድረስ መጣ። ፕሮግራሜ መኪናው ሦስት ቀን ሙሉ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ፣ ገላፊ፣ እንደቆመ ስለመዘገበ፣ የስምሪት ኃላፊዋ ከጭነት ተራ ሰርዛዋለች። መኪናው ግን አዋሽ አራግፎ ተመልሶ ደጄ ላይ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ማሽንህ ዓይን የለውም?» አለኝ።

«የላክኸውን አሳየኝ።»

ስልኩን ሰጠኝ። «ሰላም ነው። ገላፊ ሰላም ነው፣ ወረፋ የለም። ሎጊያ ንፋስ አለ። ሚሌ ሁለት ግመል ተገጭቷል፣ ሰው ደህና ነው። አዋሽ ገብቻለሁ» ይላል።

«ለምን አዋሽ ገብቻለሁ ብለህ አትጀምርም?»

«የመንገዱን ሳልናገር የራሴን? ያሳደገኝ የለም እንዴ?»

ዳጉ ነው። አፋር ከመንገድ ሲመጣ ያየውንና የሰማውን በየተራው ይናገራል፤ የራሱ ጉዳይ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ስንቱን ዳጉ ቆሜ ሰምቼ፣ ከራሱ ለሚጀምር ሰው ሕግ ጻፍኩ።

እሱ እያየኝ ሕጉን ገለበጥኩት፦ የመንገድ ወሬ የፈለገውን ያህል፣ መጨረሻ ላይ የራሱ ቦታ። ፕሮግራሙ ደርቆ ቀረ። ወሬው ባዶም ሊሆን ይችላል፣ እየደጋገምክ አንብብ ብዬው ስለነበር ባዶውን አንብቦ ወደሚቀጥለው ባዶ ይሄዳል፣ ማብቂያ የለውም። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ።

«ሞተ?» አለ ሾፌሩ።

«አልሞተም። ባዶ ነገር እያነበበ ነው።»

«ቢሮ ተቀጥሯል በለኛ።»

እያንዳንዱ ወሬ ቢያንስ አንድ ቃል ይኑረው ብዬ አረምኩ። የደበቅኋቸውንም ማስጠንቀቂያዎች አውጥቼ አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ሁሉም እውነት ነበሩ። በመጨረሻ መኪናው ኮምፒውተሬም ውስጥ አዋሽ ገባ።

አብረን ስምሪት ክፍል ሄድን። ጥፋቱ የኔ እንደሆነና ተራው እንዲመለስለት ለኃላፊዋ ነገርኳት።

«ከመጨረሻ ይሰለፍ» አለች። «መልእክቱን ያረዘመው እሱ ነው። ለሁሉም ቅጽ ያዘጋጁላቸው፣ ቦታቸውን ብቻ ይሙሉ።»

«ቅጹ ግመል የሚጻፍበት ቦታ አለው?»

«ግመሉ ለኛ ምናችን ነው?»

«ከኋላው ለሚመጣው ሾፌር ነዋ። ቅጽ አላዘጋጅም። ይሄ ሰው ከመጨረሻ ከተሰለፈም ፕሮግራሙን አጠፋዋለሁ፤ ነገ ለያንዳንዱ እየደወሉ የት ነህ ይበሉ።»

«እያስፈራሩኝ ነው?»

«አዎ።»

ሾፌሩ ክንዴን ያዝ አድርጎ «አብሽር፣ ተወው» አለኝ። አልተውኩም። ከመጨረሻ መሰለፍ ማለት ለእሱ ሳምንት ሙሉ ያለ ሥራ መቀመጥ ነው።

ኃላፊዋ ብዕሯን አነሳች። የተራ መዝገቡ ላይ ታርጋውን በነበረበት ሦስተኛ መስመር መልሳ ጻፈች፣ ከሥሩ ያሉትን ቁጥሮችም እየሰረዘች አስተካከለች።

«ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይለዝባል ይላሉ» አለች ቀና ሳትል።

«ውሸታቸውን ነው» አልኳት።