የአባቴ ሱቅ ከላይ ሲታይ

ድሮን የሚያበር ሰው በዚህ ከተማ ወዳጅ አያፈራም። እኔ የማበራት ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት፤ አንድ ደንበኛ አልሠራ ብላው ጥሎልኝ የሄዳትን ጠግኜ ነው ያስነሳኋት። ሥራዬ መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ ሞባይል መጠገን ነው። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ብሎን ስፈታ ስለምውል ቀና ብዬ የማየው ነገር አማረኝና ጀመርኩት። ሌላው እሁድን ኳስ ሲያይ ወይም ፑል ሲጫወት ያሳልፋል፤ እኔ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ካለው ሜዳ ወጥቼ ይህችን አስነሳለሁ።

ታዲያ አንድም እሁድ በሰላም አልፎልኝ አያውቅም። ልብስ የምታሰጣ ሴት «ምናችንን ልታይ ነው?» ብላ ትሰድበኛለች። ስፖርት የሚሠራ ጎረምሳ ሩጫውን አቁሞ «የማን ሰላይ ነህ?» ይለኛል። ጥበቃው ፈቃድ አምጣ ይላል፤ ስንት ደጅ ጠንቼ ያወጣሁትን ፈቃድ ሳሳየው ደግሞ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ «ማኅተሙ የእውነት ነው?» ብሎ ያፈጥብኛል። እኔም ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም፤ አፌ ይቀድመኛል። እህቴ «አንተ የምታበረው ድሮን ሳይሆን ጠብ ነው» እያለች ትስቅብኛለች።

እውነቱን ለመናገር ግን በሰዉ አልፈርድም። ሌላ አገር ድሮን የመጫወቻ ስም ይሆናል፤ እኛ ግን ቃሉን የለመድነው ከጦርነት ወሬ ጋር ነው። አንድ እሁድ ከወሎ የመጣ የቀን ሠራተኛ የድሮኗን ድምፅ ሲሰማ የተሸከመውን ብሎኬት ጥሎ ግድግዳ ሥር ኩርምት አለ። አውርጄ በእጄ ይዤ እስካሳየው ድረስ እጆቹን ከራሱ ላይ አላነሳም። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ካርቶኗ ውስጥ ከትቻት ብዙ ጊዜ ሳልነካት ቆየሁ።

መልሶ ያስጀመረኝ አባቴ ነው።

አባቴ ጭድ ተራ ውስጥ ፍራሽ ሰፊ ነበር። ሰፈሩ ስሙ ቀረ እንጂ ዛሬ ጭድ የሚሸጥበት ሰው ጥቂት ነው። አባቴ ከወሎ የመጣው ገና ጢሙ ሳያበቅል ነው፤ ሱቋን ከያዘ በኋላ ከጁምዓ ሶላትና ከሐዘን በቀር ከበሯ ላይ ያጣው ሰው የለም። ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከከተማው ጫፍ ስንገባ እንኳን ከወፍ በፊት ተነስቶ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ይሄድ ነበር። «ቤቱ ለማደሪያ ነው፤ መዋያዬማ እዚያ ነው» ይለን ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ግራ እጅና እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አፉ ወደ አንድ በኩል ተጣመመ፤ ንግግሩ እሱን የለመደ ሰው ካልሆነ የማይሰማው ሆነ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ተሸክመን እናውርድህ፣ መኪና ተከራይተን ሱቅህን አይተህ ተመለስ ብንለው ተቆጣ።

«እንደ ጆንያ ተሸክማችሁ በዚያ ሰው መሀል አታዞሩኝም» አለን።

ይባስ ብሎ መታመሙን ለተራው ሰዎች እንዳንናገር አስማለን። የጠየቀ ሰው ካለ አገር ቤት ሄዷል በሉ አለ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «ወሎ ነው፣ ዘመድ ጥየቃ» እያልኩ ከረምኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለሰው መተኛ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ራሱ ተኝቶ መታየት ሞት ሆነበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ «ያቺ የምታበራት ነገር ታያለች አይደል?» አለኝ።

«ታያለች አባባ።»

«እሷን የሚያይ ሰው፣ እኔን አያየኝም?»

«አያይህም።»

«እንግዲያው ሱቄን አሳየኝ።»

እንባዬ መጣ። ሳያዩት ማየት ነው የፈለገው። ጣሪያዋን፣ ከመታመሙ በፊት ቀዳዳዋን በቢጫ የዘይት ቆርቆሮ የለጠፈባትን ቦታ፣ ከጎኗ ያለውን የጭድ ክምር፣ ጓደኞቹን። ሌላ የጠየቀኝ ነገር የለም።

ችግሩ ጊዜው ነበር። በዚያ ሰሞን መርካቶ ውስጥ የሚወራው ስለ ፈረሳ ብቻ ነው። ይሄኛው ተራ ሊነሳ ነው፣ ያኛው ተለክቷል፣ ቀይ ቀለም የተቀባው ምን ማለት ነው… ሜትር የያዘ ሰው ሲያልፍ ነጋዴው ሁሉ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ይላል። ያንን እያወቅሁ ነው የምሠራበት ሕንፃ ሰገነት ላይ ወጥቼ ያስነሳኋት። ቶሎ ብዬ ቀርጬ ቶሎ አወርዳታለሁ፣ ማንም ቀና ብሎ አያይም ብዬ ነበር። መርካቶ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ቀና ካለ ኪሱን ይፈትሹታል።

ያን ቀን ግን ቀና አሉ። የአባቴን ሱቅ አገኘሁና ፊቶቹ እንዲታዩለት ብዬ ዝቅ አደረግኋት። መጀመሪያ አንዱ ጣቱን ቀሰረ፤ ከዚያ ተራው በሙሉ ወጣ። ጡጫ አነሱ፣ መጥረጊያ አነሱ፤ አንዲት ሴት ነጠላዋን አውልቃ አየሩን ትመታለች። ከሁሉም ፊት የአባቴ ጎረቤት አሉ። ጭድ ሻጭ ናቸው፤ እኔ ስወለድ ጀምሮ ከሱቃችን ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩ፣ ከአባቴ ጋር ከአንድ ሳህን የሚበሉ ሰው ናቸው። ጭድ የሚያገላብጡበትን መንሽ ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ያወዛውዙታል። መንሽ ያው የእርሻ ሹካ ነው፤ ቢደርስባት ያደቃት ነበር። ድሮኗ ድምፅ አትቀርጽም እንጂ ስድቡ ሰገነት ላይ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ድሮኗ የተመለሰችበትን አይተው ኖሮ፣ ስወርድ ሕንፃው በር ላይ ጠበቁኝ። አንዱ ኮሌታዬን ያዘ፤ ሌላው ቦርሳዬን ይጎትታል።

«ማነው የላከህ? ስንት ሜትር ለካህ?»

«ማንም አልላከኝም፤ ልቀቀኝ! ፈቃድ አለኝ!»

«ፈቃድ አለኝ አለ! ሰማችሁት? የወረዳ ነው ብዬ የለ!»

ያን ጊዜ ጭድ ሻጩ ሰዉን ገፍተው መጡና አዩኝ። መንሹን ዝቅ አደረጉ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉ። «የገዛ አባትህን ተራ?»

«ጋሼ ወላሂ፣ ለማንም አይደለም። ለአባቴ ነው፤ ሱቋ ናፍቃው ላሳየው ብዬ ነው።»

«አገር ቤት ላለ ሰው?»

ምን ልበል? ታሟል እንዳልል አስምሎኛል።  ከኋላ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አልገባችሁም? ሽማግሌው ቀድሞ ሰምቶ ነው የወጣው! ልጁ ደግሞ ያስለካል!» አለ። ጋሼ አላመኑትም፤ እኔ ግን አላስተባበልኩም። «ሂድ» አሉኝ። ኮሌታዬን ከያዘው ሰው እጅ ያላቀቁኝ እሳቸው ናቸው፤ ፊቴን ግን ሊያዩ አልፈለጉም። ቦርሳዬን አቅፌ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ቪዲዮውን ላጠፋው ነበር። የተራው ሰው በሙሉ ሲያስፈራራኝ የሚያሳይ ነገር ለበሽተኛ እንዴት አሳያለሁ? አባቴ ግን ከበር ስገባ ጀምሮ ዓይኑ እጄ ላይ ነው። ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፌ ከፈትኩለት።

ጣሪያዋን ሲያይ ትንፋሹን ሳበ። ቢጫዋን የዘይት ቆርቆሮ በጣቱ ነካት፤ ቪዲዮው ቆመበትና መልሼ አስኬድኩለት። ከዚያ ሰዎቹ ወጡ። እጃቸውን አነሱ። ጡጫውን፣ መጥረጊያውን፣ ነጠላውን እያየሁ ስልኩን ላነሳበት እጄን ዘረጋሁ።

«አዩኝ» አለ አባቴ።

«አባባ…»

«ሰላም እያሉኝ ነው። ይኸው እሱ! መንሹን እንኳ ሳያስቀምጥ!»

ደህናውን እጁን አንስቶ ለስልኩ አወዛወዘ። ከታመመ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ በተጣመመ አፉ ሲስቅ ምራቁ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። እህቴ ወደ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ አላረምኩትም፤ ማንስ ልብ ኖሮት ያርመዋል? ከዚያ በኋላ ጧት ከዱዓው ቀጥሎ ቪዲዮዋን ክፈቱልኝ ይላል፤ ሲከፈትለት እጁን ያነሳል።

ጭድ ተራ በበኩሉ ሌላ ነገር ላይ ነበር። መርካቶ ውስጥ ቤት ሊፈርስ ነው የተባለ ሰው ዶዘር አይጠብቅም፤ ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ማገሩን ራሱ ነቅሎ ያወጣል። ዶዘር ከነካው ሁሉም ቁርጥራጭ ነውና። ተራው የእኔን ድሮንና የአባቴን «አገር ቤት መሄድ» ደምሮ ፈረሳው ደርሷል አለ። ማንም ሳያዛቸው ጣሪያቸውን ማንሳት ጀመሩ። እኔ ያን ሰሞን በዚያ በኩል ለማለፍ ፊት አልነበረኝምና ምንም አልሰማሁም።

አንድ ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጭድ ሻጩ ናቸው፤ ደረጃው አድክሟቸው ያለከልካሉ።

«የአባትህን ቆርቆሮ አምጥቼ ነው» አሉኝ፣ አሁንም ፊቴን ሳያዩ። «ሰውዬው በሌለበት ሌባ ይወስደዋል። ከታች አይሱዙ ላይ አለ፤ ልጆቹ እያወረዱ ነው።»

ድምፃቸውን አባቴ ሰምቷል። ከውስጥ «ሸፍኑኝ! ሸፍኑኝ!» ሲል እሳቸውም ሰሙ። አልፈውኝ ገቡ። አባቴ በደህና እጁ ፎጣውን ጎትቶ ፊቱን ሸፍኗል፤ የማይታዘዘው እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል። ጋሼ ያንን እጅ አይተው ባሉበት ቆሙ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ።

አባቴ ከፎጣው ሥር ተናገረ። አነጋገሩን ስላልለመዱት ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ያን ቀን አይቼሃለሁ።»

«የቱን ቀን ወንድሜ?»

«መንሹን ሳታስቀምጥ ሰላም ስትለኝ።»

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። አቀረቀርኩ። 

«አዎ» አሉ። «አንተ መሆንህን ልቤ ነግሮኛል። ሁላችንም ነን ሰላም ያልንህ።»

አባቴ ፎጣውን ራሱ ከፊቱ ላይ አወረደው። ጋሼ የተጣመመውን አፍ አዩ፤ ዓይናቸውን አላሸሹም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ከሆነ ምን ነበር መጀመሪያውኑ ብናገር ብዬ ራሴን ወቀስኩ።

ከታች ቆርቆሮ ሲጣል ተሰማ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ። አባቴ አዳመጠ።

«የኔ ናት?» አለ።

ጋሼ ለመዋሸት አፋቸውን ከፈቱ፤ አልሆነላቸውም። «ያንተ ናት። እኛ ነን ያነሳናት፤ እንዳትጠፋብህ ብለን። ተራው ሊፈርስ ነው ተባለ፤ የሁላችንንም አንስተናል።»

አባቴ ትራሱ ላይ ያለውን ስልክ አየ። ጧት ያየው ቪዲዮ መጨረሻው ላይ ቆሟል፤ ሁሉም እጃቸውን እንዳነሱ ነው። ብዙ ጊዜ አየው።

«ለካ ያን ቀን ስትሰናበቱኝ ነበር» አለ።

 ጋሼ ደህናውን እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። አባቴ ቪዲዮዋን ክፈቱልኝ ያለው ያን ቀን ጧት የመጨረሻው ሆነ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ቃሬዛውን ከእኔ ጋር የተሸከሙት ከተራው የመጡ ሰዎች ናቸው።

ተራው አልፈረሰም። ወሬው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደና ሰዉ ቆርቆሮውን እየመለሰ መታ። ጋሼ ባገኙኝ ቁጥር «ቆርቆሮዋን አምጣትና እንምታት፤ ሱቋን እኮ ዝናብ ጨረሳት» ይሉኛል። እሺ ጋሼ እላቸዋለሁ። ቆርቆሮው ከደረጃው ሥር ተደርድሯል፤ ቢጫው የዘይት ቆርቆሮ ከላይ ነው፤ ስወጣና ስገባ አየዋለሁ።

ባለፈው ድሮኗን አንድ ጊዜ አስነሳኋት። ከዚያው ሰገነት፣ ወደዚያው ተራ። ድምፁን ሲሰሙ ሁሉም ወጡ፤ ማንም አልተሳደበም። ጋሼ መንሹን ጥለው ባዶ እጃቸውን አነሱ፤ ሌሎቹም አነሱ፤ ይሄኛው የእውነት ሰላምታ ነበር። ከጎናቸው የአባቴ ሱቅ ያለ ጣሪያ ቆማለች፤ ውስጧ ግማሹ የተሰፋ ፍራሽ ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ይታያል። ቀርጬ አወረድኳት። ቤት ስገባ እንደ ልማዴ ስልኩን ይዤ ወደ አባቴ አልጋ ሄድኩ።