የብርጓል በመናፈሻው

የብርጓል ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ ባለው የችግኝ ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ዘር ትዘራለች፣ በየላስቲኩ አፈር ትሞላለች፣ ክረምት ሲገባ ችግኙን በአህያ ጭነው ለሚወስዱ ገበሬዎች ታስረክባለች። ስንቱን ዛፍ እንዳሳደገች እሷም አታውቀውም፤ ከጥላው ሥር ግን አንድም ቀን አላረፈችም። ችግኙ ክንድ ካከለ በኋላ የሌላ ሰው ነው።

ያለፈውን ሁለት ዓመት ዓይኗን ሞራ ጋርዶት፣ የኮሶውን ችግኝ ከአምጃው ችግኝ የምትለየው ቅጠሉን እየዳበሰች ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ፈንታ ነገሩ ገብቶታል፤ ግን አላሰናበታትም። ደቃቅ ዘር የመልቀሙን ሥራ ከራሱ ሥራ ጋር ደርቦ ሲሠራላት ከረመ። በመጨረሻ አዲስ አበባ የምታስተምረው ልጇ እየሩስ ጥር ላይ መጥታ ወሰደቻትና ሁለቱም ዓይኖቿ ተራ በተራ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው።

ፋሻው የተነሣላት ቀን ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ ሽበት አውጥተሻል» አለቻት።

እየሩስ እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

ሐኪሙ ለክትትል አንድ ወር እንድትቆይ፣ እንዳታጎነብስና ከባድ ነገር እንዳታነሣ አዘዛት። ልጇ ትምህርት ቤት ስትውል እሷ አንዲት ክፍል ውስጥ ግድግዳ ስታይ መዋሉ በሦስተኛው ቀን አስመረራት። ከሰፈሩ በታች፣ ወንዙ ዳር መናፈሻ አለ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች።

በሩ ላይ ማንም አላስቆማትም። ሣሩ ተስተካክሎ ታጭዷል፤ ጽጌረዳው አብቧል። አንድ አግዳሚ ወንበር አገኘችና ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ጥበቃው ወደ እሷ ሲመጣ ሊያባርረኝ ነው ብላ ብድግ አለች።

«ለምን ተነሡ እማማ?»

«የሰው ቦታ መስሎኝ፤ መሄዴ ነው።»

«የርስዎም ነው እኮ፤ እስኪመሽ መቀመጥ ይችላሉ። ፀሐዩ እንዳይመታዎት ብቻ ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉ» አላትና አልፏት ሄደ።

የብርጓል እስከ ቀትር ጥላው ውስጥ ተቀመጠች። እጇ ሥራ ፈትቶ ጭኗ ላይ አረፈ። ከላይዋ ያለው ዛፍ ግራቪሊያ ነበር፤ ነፋስ ሲገለብጠው የቅጠሉ ጀርባ እንደ ብር ያበራል። ማን እንደተከለው ባታውቅም በልቧ መረቀችው።

ከዚያ ወዲያ ቤት መዋል ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሩስ ራቅ ወዳለው መናፈሻ ትወስዳታለች። እንጦጦ ላይ ነፋሱ የአገሯን ብርድ አስታወሳት። ብሔረ ጽጌ ሄደው ደግሞ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንኳ ግንዱን ማቀፍ ያቃታቸው ዛፍ አገኙ። የብርጓል በሄደችበት ሁሉ አትክልተኛ ፈልጋ «እጃችሁ ይባረክ» ሳትል አትመለስም።

አንድ ሰኞ ወንዙ ዳር ባለው መናፈሻ ጥግ ላይ ቅጠላቸው የገረጣ፣ ቁመታቸው ከጉልበት ያላለፈ ኮሶዎች አየች። ውሃ የሚያጠጣቸው አትክልተኛ እንዳላማው ይባላል፤ የአምበር ሰው፣ የአገሯ ልጅ ነው።

«ከተተከሉ ስንት ጊዜያቸው ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ሦስት ዓመት። እኔ ሳልቀጠር የተተከሉ ናቸው። ውሃ እንደሆነ አልነፈግኋቸውም እናቴ፤ እምቢ አሉኝ።»

«እስቲ ከሥሩ ጫር አድርገው። እኔ ማጎንበስ ተከልክያለሁ።»

እንዳላማው በመኮትኮቻው ሲጭር ጥቁር ላስቲክ ብቅ አለ። ሥሩ እዚያው ውስጥ ተጠቅልሎ ቀርቷል።

«ላስቲኩን ሳያወልቁ ተክለውት ነው» አለች። «አይዞህ፣ ይድናል።»

ሁለት ቀን ሙሉ እሷ ቆማ እየነገረችው፣ እሱ ተንበርክኮ ላስቲኩን እየቀደደና የተጠማዘዘውን ሥር እየገረዘ አሥራ ስድስቱን ኮሶ መልሶ ተከለ። ምሳውን አካፈላት። ከአምበር ከወጣ ሰባት ዓመቱ እንደሆነ፣ እናቱን ካየ ሦስት ዓመት እንዳለፈው አጫወታት። እሷም ለፋሲካ እንዲሄድ ቃል አስገባችው።

ወሩ ሲያልቅ ሐኪሙ አሰናበታት። አውቶቡሱ ዓባይ በረሃን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ፊቷን ከመስኮቱ አላነሣችም።

ግንቦት ላይ ጣቢያው ውስጥ ችግኝ ስታዛውር ስልኳ ጠራ። እንዳላማው ነበር።

«አሥራ አራቱ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። ሁለቱ ግን ደረቁብኝ» አላት።

«ለነሱ አትዘን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ።»

«ያዳኑዋቸው እርስዎ፤ እኔን ለምን ያመሰግኑኛል?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲረዳኝ ነው የኖርኩት። አንተ ቃሌን ሰምተህ ስትቆፍር ጊዜ፣ ለካ እኔም ገና ለሰው እተርፋለሁ አልኩ» አለችው።

ስልኩን ስትዘጋ ፈንታ ከወዲያኛው መደብ ቀና ብሎ ማን እንደሆነ ጠየቃት።

«አዲስ አበባ ያፈራሁት ዘመድ» አለችው።