አራት እናቶች በአንድ ስልክ

ሥራዬን አውቃለሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ከመካው ኩዳይ መናኸሪያ ተነስተው ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱ ተጓዦችን የሚያመላልስ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት የሚጠቀምበትን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሾፌሩ ታብሌቱን ሲከፍት የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ይወጣለታል። የሃምሳ ሰው መስመር ሃምሳ ጊዜ አይጻፍም፤ የአንዱ እንዴት እንደሚታይ አንዴ ይጻፍና ሉፕ የሚባለው የኮድ ትእዛዝ ለቀሩት ይደግመዋል። እያንዳንዱ መስመር ግን ከሌላው የሚለይበት መለያ ያስፈልገዋል። እኔ ስልክ ቁጥርን መረጥኩ። የሁለት ሰው ስልክ እንዴት አንድ ይሆናል ብዬ ነው።

የዑምራ ጉዟቸውን ጨርሰው ነካሳ ሰፈር እኛ ቤት የሰነበቱ አራት የወሎ እናቶች የሚመለሱ ዕለት ከእናቴ ጋር ልሸኛቸው ኩዳይ ወጣሁ። ሾፌሩ፣ የአገራችን ልጅ ነው፣ ስም እየጠራ አሳፈረ። ከአራቱ የጠራው አንዷን ብቻ ነው። ሦስቱ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ።

«ከሽፉ፣ ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ አይሳፈርም፤ ኸላስ፣ አለቀ» አለ ሰዓቱን እያየ።

ቪዛቸው በማግስቱ ስለሚያበቃ አውሮፕላኑ ሊያመልጣቸው አይገባም። ደሜ ፈላ። ገጹ አይሳሳትም፣ የመዘገባቸው ሰው ነው የረሳቸው ብዬ ድርቅ አልኩ።

«ማን ነው ያስመዘገባቸው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ» አለች እናቴ።

«የማንን ስልክ ሰጠሽ?»

«የኔን ነዋ። እነሱ እዚህ ምን ስልክ አላቸው?»

እኔ ሳድግ የኛ ቤት ስልክ የሰፈሩ ሁሉ ስልክ ነበር፤ ከአገር ቤት ሲደወል ጎረቤቱን የምጠራው እኔው ነበርኩ። ይህን እያወቅሁ ለአንድ ሰው አንድ ስልክ ብዬ ጻፍኩ። አራቱ መስመሮች አንድ መለያ ስለያዙ ገጹ እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ አንዷን ብቻ ይዞ ሦስቱን ጣላቸው። በጣም አፈርኩ።

ላፕቶፔን አንዱ ሻንጣ ላይ ዘረጋሁና መለያውን ከስልክ ወደ ፓስፖርት ቁጥር ቀየርኩ። የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነው። ገጹን አድስ አልኩት ሾፌሩን። አደሰና ሦስቱን በየስማቸው ጠራ። የመጨረሻዋ እናት ሲሳፈሩ «አላህ ያክብርህ ልጄ» አሉኝ፤ የጣልኳቸው እኔ እንደሆንኩ አላወቁም።

አውቶቡሱ ሲሄድ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ሥራህንስ ታውቃለህ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰፈርህን ነው የረሳኸው።»

አልተከራከርኳትም። ከዚያ ወዲህ መለያ ከመምረጤ በፊት እሷን እጠይቃለሁ፤ እስካሁን አልተሳሳተችም።