በር ላይ የቀረው የጂኦግራፊ መጽሐፍ

ይህ የሆነው ባለፈው ወር ነው። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጀማል ታስሯል። ፍርድ ቤት ይመላለሳል እንጂ ገና አልተፈረደበትም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን እዚያው ማረሚያ ቤት ሆኖ እንዲወስድ ተመዝግቧል፤ የሚያነበው ግን የለውም። ፒያሳን ዞሬ ዞሬ የጂኦግራፊ መጽሐፉን አገኘሁለትና ከምሳው ጋር ይዤለት ሄድሁ።

በሩ ላይ ፈታሹ እንደ ደንቡ «ቅመሺ» አለኝ። ምግብ የሚያስገባ ሰው ሁሉ ፈታሾቹ ፊት መቅመስ አለበት። ከሩዙም ከወጡም ጎረስሁ፤ አሳለፈው። መጽሐፉን ግን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይህ አይገባም» አለ።

«ምነው?»

«እንግሊዝኛ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

የመንግሥት መማሪያ መጽሐፍ እኮ ነው! የሚፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው! ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ የማላውቀው እኔ «እንግዲያው ይህንንም ልቅመስልዎት» አልሁት። መሀሉን ገልጬ ጮክ ብዬ እያነበብሁ ወደ አማርኛ መለስሁለት። ዝናብ የተራቆተ ተራራ ላይ ሲወርድ አፈሩን እንዴት ጠርጎ እንደሚወስድ፣ እርከን ካልተሠራ ማሳው እንዴት ድንጋይ ብቻ እንደሚሆን።

ከኋላዬ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጠዳ ገጠር የመጡ እናት ነበሩ። «ይኸማ የኛ ማሳ ነው!» አሉ። «ምነው አያ፣ ይህ ሸጋ መጽሐፍ ምን አጥፍቶ ነው የያዝኸው? ልጅቱ እንደሁ ቀምሳዋለች፤ ይኸው አልሞተችም!»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ፈታሹንም ሳቅ አመለጠው። እውነቱን ልናገርና በጣም ደስ አለኝ፤ ያሸነፍሁ መሰለኝ።

አለቃው ሳቁን ሰምቶ ወጣ። «መጽሐፍ አይገባም ተብሏል፤ አበቃ» አለ። ማን ነው ያለው ብዬ ብጠይቀው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምሳውንም ይዘሽ እንዳትመለሽ!» አለኝ። መጽሐፉን በሩ ላይ ትቼ ገባሁ።

ጀማልን ከሽቦው ማዶ ሳየው፣ ያነበብሁት ሳይጠፋብኝ ቶሎ ቶሎ ነገርሁት። አጠገቡ የነበሩ ሁለት ልጆችም ጠጋ አሉ። ጀማል «የእርከኑን ድገሚልኝ» ከማለቱ ጠባቂው ጮኸ።

«ስለ ቤተሰብ ብቻ አውሩ!»

ስለ አፈር ማውራት ክልክል! ገና ያልተፈረደበትን ሰው ከበር እንዳይወጣ ይጠብቁት፤ እንዳያነብ፣ እንዳይጠይቅ ማን ፈረደበት?

ስወጣ መጽሐፉን ከበሩ ወስጄ ቤት ገባሁ። ይህን መጻፍ ስጀምር እናቴ «ተይው ልጄ፣ እሱ ላይ ይብስበታል» አለችኝ። እኔም ፈራሁ። ስለዚህ በሌላ ቀን ስጠይቀው፣ ስለ መጽሐፉ መጻፌን ነግሬው «ጽሑፉን ለጋዜጣ ልላከው ወይስ ልቅደደው?» አልሁት። ጠባቂውን በዓይኑ ፈለገ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስሜን ቀይሪና ላኪው» አለኝ።

ቀይሬ ይኸው ልኬዋለሁ። ፈተናው ቀርቧል፤ መጽሐፉ እኔ ጋ ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።